ደጅ ጥናት በካቢኔት ሱቅ

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ማበጠሪያ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ሥራዬ ሹሩባ መሥራት ነው። አንዲት ደንበኛዬ ጸጉሯን እየሠራሁላት ይህን ታሪክ ቆራርጬ ስነግራት፣ ከምትቆራርጪው ጻፊውና ልጨርሰው አለችኝ። እውነቷን ነው። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ሲያየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ወረቀት ግን አያይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ አካሄዱን በደንብ አውቀዋለሁ።

ቤታችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። እናቴ ከደቡብ መጥታ አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ ስትከራይና ስትለቅ ኖራ በመጨረሻ ዕጣ ወጣላት። ቁልፉን ስንረከብ ውስጡ ሲሚንቶ ብቻ ነበር። ወለሉን ቀስ በቀስ ሴራሚክ አስነጠፍን። ወጥ ቤቱ ግን እንዳለ ቀረ፤ አራት ግድግዳና ከአንደኛው ግድግዳ ብቅ ያለ ቧንቧ። ምድጃው መሬት ላይ፣ ሳፋው መሬት ላይ፣ እኛም መሬት ላይ።

እናቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። የቅመም ሥራ ግን ገበያ ላይ አይደለም፤ ቤት ነው። ኮረሪማው ይፈለፈላል፣ ጥቁር አዝሙዱ ይለቀማል፣ በርበሬው ይቀነጠሳል። ይህን ሁሉ ስትሠራ የኖረችው ቁጢጥ ብላ ነው። ጉልበቷ እያበጠ መጣ። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሐኪሟ ዝቅ ብሎ መሥራት ካልቀረ ጉልበቷ እንደማይሻላት ነገረቻት፤ ቆመሽ ሥሪ፣ አለዚያም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ አለቻት። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። በር ላይ ስንደርስ ወደኔ ዞራ፣ “ቆሜስ ምን ላይ ልሥራ?” አለችኝ።

በዚያው ሰሞን የጸጉር ቤት ልጆች የምንጥለው እቁብ ለኔ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብዙ አስብ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አላሰብኩም። እናቴ ቆማ የምትሠራበት፣ ወገቧ ድረስ የሚደርስ፣ ግራናይት የተነጠፈበት የኪችን ካቢኔት ላሠራላት ቆረጥኩ።

ሱቁ ሃያ ሁለት አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ሥር ነው። ስትገቡ ቤት የሌላቸው ወጥ ቤቶች ተደርድረዋል። ቧንቧው አለ፣ ውኃው የለም። መሳቢያው ድምፅ ሳያሰማ ይሳባል፣ ማንኪያ ግን የለበትም። ባለቤቱ ደልደል ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ በሙቀትም ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። የካቢኔቱን በር አንድ በአንድ እየከፈተ አሳየኝ፤ አልሰለቸም። ለማን ነው ሲለኝ ለእናቴ አልኩት። ለእናት ከሆነማ ቅናሽ አለው ብሎ ዋጋውን ዝቅ አደረገልኝ። ደስ አለኝ፤ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ብዬ እዚያው በስልክ አስተላለፍኩለት። የእቁቡ ብር ከሞላ ጎደል በዚያው አለቀ።

ሊለካ የመጣ ቀን እናቴ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ ጠበቀችው። እሱ ግን አልወጣም። የኛ ብሎክ ሊፍት የለውም። ስልኬ ሲጠራ ከታች ነበር። ከመግቢያው አጠገብ ያለው ቤት ሴራሚክ እየተነጠፈበት ስለነበር በሩን ክፍት አግኝቶት ገብቶ ለክቶ ጨርሷል። “ኮንዶሚኒየም አይደል እንዴ እህቴ፣ ከታች እስከ ላይ አንድ ነው” አለኝ። በመስኮት ዝቅ ብዬ ሳይ መኪናውን አዙሮ እየወጣ ነው። እናቴ ሻዩን ለራሷ ቀዳችው።

ከታች እስከ ላይ አንድ ነው ያለው እውነቱን ነው። ከግራ እስከ ቀኝ ግን አንድ አይደለም። ደረጃውን ጨርሶ የቆመ ሰው በግራው አንድ በር፣ በቀኙም አንድ በር ያገኛል። ሁለቱ ቤቶች እንደ ሁለት መዳፍ ናቸው፤ ጣቱ እኩል ነው፣ አውራ ጣቱ ግን ወዲያና ወዲህ ነው። እሱ የለካው የግራውን ነው። እኛ በቀኝ ነን።

ይህን ያወቅነው ካቢኔቱ የመጣ ዕለት ነው። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ቁራጭ በቁራጭ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አወጡት። ሲገጣጥሙት ረጅሙ ክንፍ የበረንዳውን በር ዘጋው። ሲንኩ የሚገባበት ቀዳዳ በአንድ ግድግዳ፣ ቧንቧው በሌላ ግድግዳ ሆኑ።  ከዚያ ከአውራጆቹ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ “እማማ፣ ይሄን ከመገልበጥ ቤቱን መገልበጥ ይቀላል” አላት። እናቴ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ነበር። “እንግዲያው በዚያ በኩል ያዘው፣ እኔ በዚህ በኩል እይዛለሁ” አለችው።

ደወልኩለት። ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩና ቧንቧውን ያዙረው አለኝ። ቧንቧውን ማዞር ማለት ግድግዳ መስበር ነው፤ ግድግዳ ብንሰብር ውኃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ሰዎች አልጋ እንደሚያርስ ያልኖረበት ሰው ባያውቅ የኖረበት አያጣውም። አንፈልገውም፣ ይመለስ አልኩት። አውራጆቹ ለማውረጃ እንደገና አስከፈሉኝ፤ መኪናው እንደመጣ ሄደ።

በነጋታው ሱቁ ስሄድ ድምፁ አልለሰለሰም። ቤታችሁ የተገለበጠ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። እንጨቱ በልክ ተቆርጧል፣ ግራናይቱ ተበስቷል፣ አሁን ይህን ለማን ልሽጠው አለኝ። “ቀብድሽ እንጨት ሆኗል። እንጨት ደግሞ ተመልሶ ብር አይሆንም” አለኝ። መልስ ነበረኝ። ከአፌ ግን አልወጣም፤ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩን ማንሳት አቆመ።

የምሠራበት ጸጉር ቤት ገርጂ ነው። ባለቤቷ ጉዳዩን ስትሰማ ደሟ ፈላ። እሷ ተናግራ የማታውቀው ነገር የለም፤ እኔ ሳልናገር የምውልበትን ሁሉ እሷ ትናገርልኛለች። መኪናዋን አስነስታ ይዛኝ ሄደች። ሱቁ ውስጥ እንደቆመች ሌባ አለችው፣ አጭበርባሪ አለችው፣ የሴት ልጅ ላብ አይዋጥልህ አለችው። ሰውየው ግን ለጩኸት አዲስ አልነበረም። የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጮህበት እዚያ ነው የገባኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ “እመቤቴ፣ ለጩኸት ከሆነ እኔም አለኝ፤ ማንኛችን እንጀምር?” አላት። ጀመሩ። ከጎን ያለው ሱቅ ሰዎች ወጥተው አዩን። እኔ መሬቱን እያየሁ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እሷ ድምፅዋ ዘጋ፣ እሱ ግን ገና አልሞቀም። መኪናዋ ውስጥ ስንገባ ውኃ ጠጣችና፣ ይሄ ሰውዬ ሳንባው ጥሩ ነው አለችኝ።

ከደንበኞቻችን አንዷ ክሰሺው አለችኝ፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ራሱ ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው አለች። ፍርድ ቤት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ የእናቴ ጉልበት ጊዜ አልነበረውም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽማግሌ እንላክ አለ። ሰውየው የማን ዘመድ፣ የየት ሰፈር ሰው እንደሆነ አናውቅም፤ ሽማግሌ የሚላከው ለሚታወቅ ሰው ነው።

ማታ ለእናቴ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩላት። እሷ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። አባቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ድሮ የተወሰደበትን መሬት ያስመለሰው አንድ ቃል ሳይናገር ነው አለችኝ። በየቀኑ ጠዋት ሄዶ ከባለሥልጣኑ ደጅ ይቀመጣል። ሲወጣ እጅ ይነሳል፣ ሲገባ እጅ ይነሳል። ደጅ ጠና። ሰውየው በመጨረሻ ከቤቱ መውጣትም መግባትም አስጠላው። እኔ ያ ጊዜ አለፈ አልኳት። ይሄ ነጋዴ ነው፣ ደጅ የሚጠናለት ጌታ አይደለም።

“መናገር አትችዪም” አለችኝ እናቴ፤ “መቀመጥ ግን ማን ይችልሻል?”

ይህን ስትለኝ የሆነ ነገር ልቤ ውስጥ ቦታውን ያዘ። እውነት ነው። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ራስ ላይ ቆሜ ወይ ተቀምጬ እውላለሁ። ዝም ማለት ለሌላው ሰው ሥራ ነው፤ ለኔ ማረፊያዬ ነው።

በማግስቱ በጠዋቱ ከአራብሳ በአውቶቡስ እስከ መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ ሃያ ሁለት ሄድኩ። ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ጎንበስ ብዬ፣ “እንደምን አደሩ” አልኩት። ሳያስበው እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። ከማሳያ ወጥ ቤቶቹ አንዱ ውስጥ፣ ከግራናይቱ አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር ነበረ። ተቀመጥኩበት። ምን ፈልጌ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ቀብዴን አልኩት። የለም አለኝ። “እሺ፣ እጠብቃለሁ” አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀብኝ። ስልክ ሲያናግር፣ አንዲት ልጅ ወንበሬን ተከራይታለች እያለ ለሰው ያወራል። ወደ ቀትር ገደማ ወደ ጸጉር ቤት ስሄድ ደህና ይዋሉ አልኩት። በነጋታው ተመልሼ እንደምን አደሩ ስለው አልሳቀም። “ደጅ ልትጠኚብኝ ነው? ባላባት አደረግሽኝ እኮ” አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም የሀገሩ ልጅ ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ በስሙ ጠርቶታል። ከዚያ በኋላ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነ።

እጄ ሥራ መፍታት ስለማይወድ ከእናቴ ኮረሪማ እየተቀበልኩ መምጣት ጀመርኩ። ግራናይቱ ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፣ እፈለፍላለሁ፣ ገለባውን በፌስታል እሰበስባለሁ። ስወጣ ግራናይቱን በጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ አንድም ቀን ቆሻሻ ትቼ አልሄድኩም። ሱቁ ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ሰውየው አንድ ቀን አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ይሄ ነገር ያስርበኛል ብሎ አጉረመረመ።

ገዢዎች ሲገቡ የሱቁ ሠራተኛ እመስላቸዋለሁ። መሳቢያው ይበረክታል ወይ ይሉኛል። ይበረክታል እላቸዋለሁ፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ይህን ልክድ አልችልም። አንቺ እዚህ ነው የምትሠሪው ሲሉኝ፣ አይ፣ ቀብዴን እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምለው፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። ሰዎቹ እኔን ያዩና እሱን ያዩታል። ሌላ ጊዜ እንመለሳለን ብለው ይወጣሉ። ውሸት አልተናገርኩም፣ ስሙንም አላጠፋሁም። የጠየቁኝን መለስኩ።

የሕንፃው ጥበቃ አዛውንት ናቸው፤ ነጭ ኩታቸውን ከዩኒፎርሙ ላይ ደርበው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን ሰውየው ጠርቷቸው ይህችን ልጅ አውጡልኝ አላቸው። መጡና አጠገቤ ቆሙ። ኮረሪማውን አዩ፣ የተወለወለውን ግራናይት አዩ። ሰረቀች ወይ ብለው ጠየቁት። አይ አለ። ተሳደበች ወይ አሉት። አሁንም አይ አለ። “እንግዲያው ደጅ የጠና ሰው በጉልበት አይወጣም፤ ነውር ነው። እርስዎ ቢጨክኑ እኔ እጄን አላነሳም” አሉትና ወደ በራቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስገባ ልጄ ደህና አደርሽ ይሉኛል፤ ሰውየው ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ፣ እንግዳዎ ቀድማ ገብታለች ይሉታል።

ሰውየው ብዙ ዘዴ ሞከረ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጣሁና አመሰገንኩት፣ አልተነሳሁም። አንድ ጠዋት ወንበሩን ወደ ጓዳ አስገባው፤ ቆሜ ፈለፈልኩ። አንዲት ገዢ ገብታ ምነው ልጅቱን ወንበር አትሰጧትም ስትለው ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ሌላ ቀን ከቀብዱ ሩቡን ልስጥሽና ይብቃን አለኝ። አንገቴን በእምቢታ ነቀነቅኩ። እንደዚያ ስሆን ይበልጥ ይናደዳል፤ የሚከራከረው ያጣል። የሚጮህ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚያሸንፈው ያውቅ ነበር።

ስቀመጥ ግን እሱንም አየሁት። ከሱቁ ፊት ለፊት መንገዱ ለግንባታ ተቆፍሮ መኪና ማቆሚያ ጠፍቷል፤ ሰው በእግሩ ካልሆነ አይገባም። የሕንፃው አከራይ ይደውልለታል፤ ከእንጨት ሠራተኞቹ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል፤ ለእኔ የተሠራው ካቢኔት በካርቶን ተጠቅልሎ ከጓዳው በር አጠገብ ተደግፏል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ክርኑን ይመታዋል። ቀብድሽ እንጨት ሆኗል ያለኝ ውሸቱን አልነበረም። ግን እንጨት ያደረገው እኔ አይደለሁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት እንደሆኑ ገባኝ፤ ያም አላስነሳኝም።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስት ገቡ። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባልየው የቢሮ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እነሱም አራብሳ ናቸው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ ልክ እንደኛ። ሰውየው በደስታ ተቀበላቸው። እንዳያናግሩኝ በመሃላችን ሆኖ ሲያዞራቸው አየሁ። ሴትየዋ ግን ድካም ያዛትና ማረፊያ ስትፈልግ ወንበሬን ለቀቅኩላት። ተቀመጠችና ኮረሪማውን አየች። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የተለመደውን መለስኩላት። ባልየው እጁ ወደ ኪሱ እየሄደ ነበር፤ ቆመ።

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ልብስ አይሸጥም፣ ዳቦ አይሸጥም፤ አንድ ደንበኛ ለሱ የስንት ቀን ገበያ እንደሆነ አውቃለሁ።  ሴትየዋ፣ “ምን አድርጎሽ ነው?” አለችኝ።

እዚህ ላይ የወትሮዬን አንድ ቃል ተናግሬ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ካርቶኑን አየሁት፤ ሴትየዋንም አየኋት። ካቢኔቱ ቤቱን ያላገኘ እንጂ ቤት የሌለው አልነበረም። ባለፉት ቀናት ሁሉ ዓይኔ እያየው ሳላስተውለው ቆይቻለሁ፤ እሱም ክርኑን እየመታው አላስተዋለውም።

“ደረጃውን ጨርሳችሁ ስትቆሙ በራችሁ በግራ ነው በቀኝ?” አልኳት።

አሰበችና ግራ እጇን አነሳች።

ሰውየውን ቀና ብዬ አየሁት። ያን ያህል ቀን ደጁ ስቀመጥ ዓይኑን እንዲያ ስመለከተው የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እያልኩ እንደሆነ ወዲያው ገባው። ወደ ጓዳው ሄደና ካርቶኑን መቅደድ ጀመረ፤ እንደ ልጅ ነው የቀደደው። ለባልና ሚስቱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቤቱ ተገልብጦ መለካቱን፣ ካቢኔቱ ግን ምንም እንከን እንደሌለው፣ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ከመውረዱ በቀር ያልተነካ መሆኑን። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ሄደ። ሴትየዋ ጎበዝ ናት። ቀብድ አንሰጥም አለች፤ ዛሬውኑ መጥተህ እኛ ቤት ለካ፣ ልክ ከሆነ አምጥተህ ግጠም፣ ሲገጠም ሙሉውን እንከፍላለን። ስንተኛ ፎቅ ናችሁ አላቸው። ሦስተኛ አሉት። ኮቱን እያየ እወጣለሁ አለ።

ችግሩ ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው አለመኖሩ ነበር። ሜትሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመና ዞሮ አየኝ። ከመናገር ይልቅ ያጉተመተመ ይመስላል፤ እስክመለስ እዚህ ነሽ አይደል አለኝ። ሌላ የት ልሄድ አልኩት። የሱቁን ቁልፍ ግራናይቱ ላይ፣ ከኮረሪማው አጠገብ አስቀምጦ ሄደ። ጥበቃው አባት በር ላይ ሆነው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ያን ቀን ጸጉር ቤት አልሄድኩም። የሚገባውን ሰው እንደምን ዋላችሁ እያልኩ ተቀበልኩ፤ ዋጋ ለሚጠይቀኝ ባለቤቱ ይመለሳል አልኩ። ከቀትር በኋላ ሠራተኞች መጥተው ካቢኔቱን ጭነው ሄዱ። ወደ ማምሻው ላይ ሰውየው ተመለሰ። ኮቱን ክንዱ ላይ ይዞታል፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ወንበር ላይ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ።

“ገጠመ” አለ። ከዚያ ደግሞ ለራሱ የሚነግር ይመስል፣ “እንዳለ ገጠመ” አለ።

ስልኩን አወጣ። እየነካካ፣ የመኪናውንና ያን ቀን የመለስንበትን ወጪ ቀንሼ ልላክልሽ አለኝ። ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ራሴን ነቅንቄ የወጣሁ ቀን ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ነው።

“የመኪናውን እርስዎ ይቻሉት። ማውጫና ማውረጃውን እኔ ችያለሁ፤ እሱን አልጠየቅኩዎትም። ቀብዱ ግን ቀብድ ነው፤ ሙሉውን ይላኩልኝ።”

ጣቱ ስልኩ ላይ ቆመ። ያየኝ እንደ ገዢ አልነበረም፣ እንደ ለማኝም አልነበረም። አጥፍቶ እንደገና ጻፈው። መልእክቱ ስልኬ ውስጥ እስኪገባ አልተነሳሁም፤ ገባ፤ አየሁት፤ ሙሉ ነው። ገለባውን ሰበሰብኩ፣ ግራናይቱን ወለወልኩ፣ ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ደህና ያምሹ አልኩት። ሌላ ቦታ ደግሞ ልታሠሪ ነው አለኝ። አዎ አልኩት፤ ሰፈራችን ውስጥ አናጢ አለ፣ እሱ ደረጃ ይወጣል። እሱም ፈገግ አለና፣ ንገሪው አለኝ፣ ሱቁ ውስጥ ወንበር እንዳያስቀምጥ።

ከዚያ ወደ ቤት አልሄድኩም። ሾላ ሄድኩ። ገበያው ሊበተን ነው፤ ሸራ የሚያጥፉ ሸራ ያጥፋሉ፣ የተረፈ ቲማቲም የሚያረክሱ ይጣራሉ። እናቴ ከቅመሞቿ ኋላ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ለአንዲት ሴት ጥቁር አዝሙድ ትሰፍራለች። አጠገቧ ቆምኩ። ሴትየዋ ከፍላ እስክትሄድ ጠበቅኩና ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ ነገርኳት፤ ሙሉውን እንደመለሰ፣ አናጢው ነገ ጠዋት ወጥቶ እንዲለካ መደወሌን። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወስዳ ጥቂት ቆየች። በአፏ ውስጥ ጸለየች መሰለኝ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እንዴት አድርገሽ አላለችኝም። የተረፈውን ቅመም በጆንያ ከተተች፣ አፉን አሰረችው፣ ሁለት እጇን ወደኔ ዘረጋች።

“በይ ያዢኝና አንሺኝ፤ ዛሬ ሳይመሽ እንግባ።”